በአንድ ተቃውሞ ጸደቀ

የሚቃወም ሰው የሌለበት ስብሰባ ስብሰባ አይደለም፣ ወረፋ ነው። ስለዚህ ፈጣሪ ለየሰፈሩ አንድ አንድ ተቃዋሚ መድቧል። ለእኛ ለመካነ ሰላሞች የደረሱን ክቡር ጋሽ ሀቢቡላህ ናቸው።

ቅሬ አለን፤ ሌላው አገር እድር የሚለው ማለት ነው። ሙስሊም ክርስቲያን ሳንል አብረን እንቀብራለን፣ አብረን እናለቅሳለን፣ በወር አንድ እሁድ ደግሞ አብረን እንጨቃጨቃለን። ጸሐፊዋ እኔ ነኝ። አስራ አንድ ዓመት ቃለ ጉባኤ ስይዝ «በሙሉ ድምጽ ጸደቀ» ብዬ ለመጻፍ ታድዬ አላውቅም ነበር። ሁልጊዜ «በአንድ ተቃውሞ ጸደቀ» ነው። አንዱ ማን እንደሆነ የሚጠይቅ የለም።

የቅሬው ዳኛ አቶ ባህሩ «የሚቃወም?» ብለው አፋቸውን ሳይገጥሙ ጋሽ ሀቢቡላህ ብድግ ይላሉ፤ ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው መለስ አድርገው ጣታቸውን ያወጣሉ። «ተቃውሞ አለኝ!» ድንኳኑ ነጭ ይሁን ስንል ይቆሽሻል አሉ። እሺ አረንጓዴ ይሁን ስንል «አረንጓዴ ድንኳን ውስጥ የሁሉም ፊት ይገረጣል፤ ሟቹ ማን እንደሆነ በምን ይለያል?» ወላሂ ብለዋል! ሦስት ስብሰባ በተከታታይ የቀረ አባል ይሰረዝ የሚለው ደንብ ሲወጣም ተቃውመዋል፤ ሦስት በዛ፣ ሁለት ይበቃል ብለው። አንድ ጊዜ ደሴ ታመው ተኝተው ሳሉ በስልክ እንዲሰሙ አድርገን ዱአ ልናደርግላቸው ስንል፣ ጠረጴዛው ላይ ያለው ስልክ ጮኸብን። «ተቃውሞ አለኝ! ገና ሳልሞት ዱአውን አታስረዝሙት!»

እኔንም በሰላም አያስጽፉኝም። «ቅሬታ አቀረቡ» ብዬ ብጽፍ ደብተሩን ከእጄ ነጠቁኝ።

«አንቺ ሙሉሐረግ፣ አስተማሪ አይደለሽም እንዴ? ቅሬታ ተቀምጦ ነው። አቤቱታ በወረቀት ነው። ማጉረምረም ስብሰባው ካለቀ በኋላ በር ላይ ነው፣ እሱን ለእነ ባህሩ ተይላቸው። ተቃውሞ ግን ተቁሞ፣ ፊት ለፊት ነው።»

«ኩርፊያስ፣ ጋሼ?» አልኳቸው ለማብሸቅ።

«እሱ በር ተዘግቶ ነው» አሉ። «አላህ አያምጣው።»

አምና ባለቤታቸው እትዬ ዘሊካ አረፉ። ልጆቻቸው ሁለቱም ጅዳ ናቸው፤ በስልክ አለቀሱ። ሦስት ቀን ቤቱ በሰው ተጨናነቀ። ጋሽ ሀቢቡላህ የንፍሮውን ጨው ተቃወሙ፣ የፍራሹን አነጣጠፍ ተቃወሙ፣ የለቀስተኛውን አቀማመጥ ተቃወሙ። በአራተኛው ቀን ድንኳኑ ተነቀለ፤ እኛም ወደ ጉዳያችን ሄድን።

ከጥቂት ወራት በኋላ ለቅሬው አንድ ሐሳብ ቀረበ። ሰው ሥራ እየፈታ ስለተቸገረ፣ ለቅሶ ቤት መቀመጥ ከሦስት ቀን ወደ አንድ ቀን ይውረድ ተባለ። ሁሉም እጁን አወጣ። እኔም አወጣሁ፤ ምን ላድርግ፣ ክፍል ይጠብቀኛል።

ጋሽ ሀቢቡላህ ተነሱ። «ተቃውሞ አለኝ።»

«ምክንያትዎ?» አሉ አቶ ባህሩ።

ምክንያት ሲያጡ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ቆመው ቆመው «ሦስት ቀን እኮ ትንሽ ነው» አሉ። አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። እኔ አጎንብሼ «በአንድ ተቃውሞ ጸደቀ» ብዬ ጻፍኩ። ያ መስመር እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

በሚቀጥለው ወር አልመጡም። ስብሰባው በሃያ ደቂቃ አለቀ። ያን የናፈቅኩትን «በሙሉ ድምጽ ጸደቀ» ጻፍኩት፤ ምንም አልጣመኝም። ማንም ሳያናድደን ተበትነን በጊዜ በየቤታችን ገባን። እኔ ቤት የሚጠብቀኝ ሰው የለም፤ ለካ በየወሩ ያን እሁድ የማመሸው በእርሳቸው እየተናደድኩ ኖሯል። በሁለተኛውም ወር ቀሩ።

ባለፈው እሁድ ሦስተኛው ሆነ። አቶ ባህሩ ዙሪያውን አይተው ተነፈሱ። «እንግዲህ ደንብ ደንብ ነው። ሰርዢያቸው።»

ከቅሬ የተሰረዘ ሰው ሲሞት መቃብር የሚቆፍርለት የለም። «ስብሰባው ገና አልተዘጋም!» ብዬ ደብተሩን በብብቴ ይዤ ወጣሁ።

በሩ ዝግ ነበር። «አሰላሙ አለይኩም፣ ጋሼ!» ብዬ ሁለት ጊዜ ተጣርቼ ነው የከፈቱልኝ። የለቅሶው ጊዜ ፍራሽ በግድግዳው ዙሪያ አሁንም እንደተነጠፈ ነው።

«አላነሱትም እንዴ?»

«ሰው ቢመጣስ?» አሉኝ።

ደብተሩን ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ስማቸው ያለበትን መስመር በጣታቸው ተከተሉ። «ቀሪ? ቀሪ? ይሄ ምንድን ነው?»

«ቀርተው ነዋ፣ ጋሼ።»

«አልቀረሁም፣ አኩርፌ ነው! ቀሪና አኩራፊ አንድ ነው እንዴ? ቀሪ ማለት የረሳ ነው። እኔ አንድ ቀን ረስቻችሁ አላውቅም!»

«እንግዲያው ይቃወሙ» አልኩ እስክሪብቶውን እየዘረጋሁ። «የተቃወመ ሰው ቀሪ አይባልም።»

የሦስቱንም ወር ውሳኔ አንድ በአንድ እያነበቡ ተቃወሙ፤ ቀኑን ጽፈው ፈረሙ። ለአቶ ባህሩ ደወልኩ። «ጋሽ ሀቢቡላህ ተገኝተዋል። ሰባት ተቃውሞ አላቸው።»

«ሰባት ብቻ?» አሉ አቶ ባህሩ። «አሟቸዋል እንዴ?»

ስማቸው ተረፈ። ደብተሬን ሰብስቤ «በሉ ጋሼ፣ ልሂድ» ብዬ ተነሳሁ።

ከፍራሹ ላይ ቀስ ብለው ተነሱ፤ እንደ ልማዳቸው ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው መለስ አድርገው ጣታቸውን አወጡ።

«ተቃውሞ አለኝ።»

«በምን ላይ፣ ጋሼ?»

«በመሄድሽ ላይ።»

ምክንያታቸውን አልጠየቅኩም። ተመልሼ ፍራሹ ላይ ተቀመጥኩ። በአስራ አንድ ዓመት ውስጥ የጋሽ ሀቢቡላህ ተቃውሞ ሲጸድቅ ያየሁት ያን ቀን ነው።