ሊቀ መንገድ አዝመራው

በየከተማው አንድ ሊሄድ የተነሣ ሰው አለ። ልብ በሉ፣ የሄደ ሰው አላልኩም። የሄደ ሰው ሄዷል፤ ይረሳል። ሊሄድ የተነሣው ግን እንደ ተነሣ ከእኛው ጋር ያረጃል። ለቅሶ ቤት፣ ፀጉር ቤት፣ ወፍጮ ቤት ተራ ስትጠብቁ ታገኙታላችሁ፤ ሲያገኛችሁም ስለሚሄድበት መንገድ ይነግራችኋል። በእናንተ ከተማ ማን እንደሆነ አላውቅም። በእንጅባራ ግን ክቡር አቶ አዝመራው ናቸው፤ እኛ ጎረቤቶቻቸው በሌሉበት «ሊቀ መንገድ» የምንላቸው።

ሊቀ መንገድ ከመንገድ ሥራ ዕቃ ግምጃ ቤት በጡረታ የተሰናበቱ ሰው ናቸው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ለሾፌሮች ጎማና አካፋ ሲያወጡ፣ ሾፌሮቹም በፈንታቸው የአገሩን መንገድ ሲያወሩላቸው ኖረዋል። ስለዚህ የዓባይ በረሃን ጠመዝማዛ በቁጥር ያውቁታል። የትኛው ድልድይ ጠባብ እንደሆነ፣ ከሆሳዕና ወዲያ ጭጋጉ በስንት ሰዓት እንደሚገፈፍ፣ በየትኛው ከተማ ሽሮ አዝዞ ጥብስ መናፈቅ እንደማያስፈልግ ሳያቅማሙ ይናገራሉ። የሚጠይቃቸው ሰው ባይኖርም ይናገራሉ።

የሚሄዱት በመኪናቸው ነው። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ዳንግላ ላይ ከአንድ ሟች የጣውላ ነጋዴ ወራሾች የገዟት፣ ሁለት በር፣ ሁለት ወንበር፣ ጣሪያዋ የሚታጠፍ፣ ቀይ የጣሊያን የስፖርት መኪና ናት። ከእኔ ጥቂት ዓመት ትበልጣለች፤ ቁመናዋ ግን ከእኔ ይሻላል። ዝናብ መምጫውን እንጂ መሄጃውን በማያውቅበት በእኛ አገር ጣሪያዋ የሚታጠፍ መኪና መግዛት ምን ዓይነት ልብ እንደሚጠይቅ ለእናንተው እተዋለሁ።

በገዟት ዕለት ለባለቤታቸው ለወይዘሮ ማናየሽ ቃል ገቡ። ማናየሽ የተወለደችው አርባ ምንጭ ነው። አባቷ የዳንግላ ሰው፣ ወታደር ነበር፤ እናቷ እዚያው ሞታ እዚያው ተቀበረች። በሰማንያ ሦስት ጦሩ ሲበተን አባቷ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጁን እጇን ይዞ አገሩ ገባ። ከዚያ ወዲህ ማናየሽ የእናቷን መቃብር አላየችም። ሊቀ መንገድ የመኪናዋን ግንባር መታ መታ አድርገው፣ «ከእንጅባራ እስከ አርባ ምንጭ፣ ጣሪያዋን አጥፈን፣ እናትሽ ራስጌ ድረስ በዚህች እወስድሻለሁ» አሉ። ጥናቱም ተጀመረ።

«ጥናት ይቅደም» የሳቸው ቃል ነው። የእጅ ጽሑፌ ደህና በመሆኑ ብቻ የጉዞው ጸሐፊ ሆኜ ተሾምኩ። ሹመቱን እምቢ ማለት ነበረብኝ፤ እምቢ ማለት ግን ተሰጥኦዬ አይደለም። ሦስት ደብተር ሞላን። ነዳጅ የት እንደሚቀዳ፣ ራዲያተር የት እንደሚቀዘቅዝ፣ ማናየሽ የት ቁርስ እንደምትበላ አለበት። «በረሃው ላይ ዝንጀሮ ቢያስቆመን» የሚል አንድ ሙሉ ገጽ አለበት፤ ጣሪያው የታጠፈ እንደሆነና ያልታጠፈ እንደሆነ ተብሎ በሁለት ተከፍሏል።

የቀረው መነሣት ብቻ ነበር። «ክረምቱ ይውጣ እንጂ» ይላሉ። እንጅባራ ላይ ክረምት የሚወጣው ሌላ ክረምት ሊያመጣ ነው። በጋ ሲሆን ደግሞ ሞተሯ ቆላውን አትችለውም። በጾም ጉልበት የለም። በፋሲካ ሾፌሩ ሁሉ ጠጥቶ ነው የሚነዳው። መንገድ ሲዘጋ እኛ ስለ ዘይትና ስለ ስኳር ስናስብ የሳቸው ፊት ይፈካል። «አየህ አድማሴ፣ ብንነሣ ኖሮ ምን ይውጠን ነበር?» ይሉኛል። እኔም «እውነትዎን ነው» እላለሁ። መቼም ሌላ ነገር ብያቸው አላውቅም።

አንድ ጊዜ ግን ተንቀሳቅሰናል፤ መካድ ኃጢአት ነው። የዛሬ ሦስት ዓመት «የሙከራ ጉዞ» ታወጀ። መድረሻው ዳንግላ ሆነ። ጎረቤታችን ገበየሁ አጥሩ ላይ ተደግፎ፣ አርባ ምንጭ በቡሬ በኩል ነው ብዬ ነበር፣ ለካ በዳንግላም ይኬዳል ወይ ብሎ ጠየቀ። ሊቀ መንገድ አልተቆጡም። መኪና አስቀድማ መፈተን ያለባት በማትሄድበት መንገድ እንደሆነ፣ ብትበላሽ ዋናው ጉዞ እንደማይነካ አስረዱት። ገበየሁ ለመሳቅ እንኳ ጊዜ ወሰደበት።

ዳንግላ መግቢያ ላይ መኪናዋ ጨሰች፣ ተንቀጠቀጠች፣ ቆመች። የገበያ ቀን ነበር። ዋኘው የሚባል ባለጋሪ ጋሪውን አቁሞ ወረደና ዙሪያዋን ቃኘ።

«ጉልበቷ ስንት ነው?» አለ።

«ዘጠና የፈረስ ጉልበት» አሉ ሊቀ መንገድ፣ ደረታቸውን ነፍተው።

ዋኘው ፈረሱን አየ፤ መኪናዋን አየ። «የእኔ አንድ ነው፤ ይበቃታል» ብሎ ገመድ አወጣ።

ዘጠናው ፈረስ በአንዱ እየተጎተተ በገበያው መሐል አለፈ። እኔ አንገቴን ሰብሬ ጫማዬን ሳይ ሊቀ መንገድ መሪያቸውን ይዘው፣ ባርኔጣቸውን ከፍ እያደረጉ፣ ለሕዝቡ ሰላምታ ይሰጡ ነበር።

ሌላ ሰው ቢሆን ከዚያ በኋላ መንደር ይቀይራል። እሳቸው ግን የፈረሰኞች ማኅበር አባል ልሁን ብለው አመለከቱ። ማመልከቻውን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ አንድ ፈረስ ያለው አባል ከሆነ ዘጠና ያለው የሚከለከልበት ምክንያት የለም የሚለውም የእኔ እጅ ነው፣ ቃሉ የሳቸው ቢሆንም። የሰፈራችን ፈረሰኞች አለቃ አቶ ወገኔ ወረቀቱን አስነብበው ለረጅም ጊዜ አገጫቸውን ዳሰሱ። በመጨረሻም፣ «አባል ሲሞት ፈረሱን አልብሰን ለቅሶው ላይ እናዞርለታለን። ያንተን ዘጠናውን ማን ያዞርልሃል?» አሉ።

ሊቀ መንገድ ደስ ብሏቸው ተመለሱ። «አልከለከሉኝም» አሉኝ። «ስለ አፈጻጸሙ ነው የጠየቁት።»

እንዲህ እያልን እስከ ምጽአት እንቀጥል ነበር። ዘንድሮ መጋቢት ላይ ግን ከአርባ ምንጭ ስልክ ተደወለ። የደወለችው የማናየሽ የልጅነት ጎረቤት ናት። የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ሊሰፋ ስለሆነ የድሮው መቃብር ይነሣል፤ የዘመዱን አፅም የሚያፈልስ እስከ ሚያዝያ ሠላሳ ይምጣ፣ ሰው ያልመጣለት አፅም ሁሉ ተሰብስቦ በአንድ ጉድጓድ ያርፋል ተብሏል። ማናየሽ የእናቷን አፅም አምጥታ ዳንግላ ከአባቷ ጎን ለማሳረፍ ቆረጠች። ከሚያዝያ ሠላሳ በኋላ እናቷ የትኛዋ እንደሆነች የሚያውቅ አይኖርም።

ሊቀ መንገድ አራተኛ ደብተር ገዙ። ሽፋኑ ላይ «አስቸኳይ» ብዬ እንድጽፍ አዘዙኝ፤ በቀይ ጻፍኩ። ከአዲስ አበባ የካርቡራተር ዕቃ ታዘዘ። እሱ ሲመጣ ጎማ ታዘዘ። ጾሙ ተፈታ። ፋሲካ አለፈ። ማናየሽ በየማለዳው ወጥታ መኪናዋን ታያለች፣ ተመልሳ ትገባለች።

ሚያዝያ አሥራ ሰባት ቀን ከሰዓት በኋላ ደጄ ላይ ቆመች። ግቢ ብላት አልገባም አለች።

«ነገ ጠዋት በአውቶቡስ እሄዳለሁ» አለችኝ። «ሁለት ቲኬት ቆርጫለሁ። አንዱ የሱ ነው።»

«ነገርሻቸው?»

«ነገርኩት። ጎማው እስኪመጣ ጠብቂኝ አለኝ።»

እና እኔ ምን ላድርግ ብዬ ጠየቅኋት። ጥያቄው ራሴንም አሳፈረኝ።

«ምንም። አንተ መቼ ምን አድርገህ ታውቃለህ?» አለች፣ ያለ ክፋት። «ብቻ መነኻሪያ ናና ሻንጣዬን ያዝልኝ።»

ሲነጋ መነኻሪያ ደረስኩ። ሊቀ መንገድም መጥተዋል፤ ካፖርታቸውን ደርበዋል፣ ባርኔጣቸውን አድርገዋል፣ አራቱን ደብተር ታቅፈዋል። ሊሄዱ ይሁን ሊሸኙ ከአለባበሳቸው መለየት አልቻልኩም። ማናየሽ ገብታ በመስኮቱ በኩል ተቀምጣለች። አጠገቧ ባለው ወንበር ላይ ነጠላዋን ዘርግታለች፤ ወደ ውጭ አታይም።

ሊቀ መንገድ ወደ ሾፌሩ ሄደው ስለ ዓባይ በረሃ ያስረዱት ጀመር። ከአራተኛው መታጠፊያ በኋላ ማርሽ መቀነስ እንዳለበት፣ ፍሬኑን አጥብቆ መርገጥ እንደሌለበት፣ በግራ በኩል ገደሉ እንደሚያታልል ነገሩት። ሾፌሩ በትዕግሥት ሰማቸው።

«አባቴ፣ በዚህ መንገድ ሃያ ዓመት ነድቻለሁ» አላቸው። «ይገባሉ ወይስ እየሸኙ ነው?»

ሊቀ መንገድ እጄን ይዘው ወደ አውቶቡሱ ኋላ ወሰዱኝ።

«አድማሴ፣ እኔ ከቡሬ አልፌ አላውቅም» አሉ በዝቅታ።

ሰፈሩ ሁሉ እንደሚጠረጥር ልነግራቸው አልፈለግሁም።

«ሠላሳ ዓመት ሰው ስሸኝ ኖርኩ። ከቡሬ ወዲያ ያለውን ሁሉ ሰው ነው የነገረኝ። እሱስ ይሁን። አፅሙን ይዘን ስንመለስ መንገድ ላይ ብታለቅስ ምን እላታለሁ?» ደብተሮቹን አነሣ አደረጓቸው። «ይሄ እዚህ ላይ የለም።»

ሾፌሩ ጥሩምባ ነፋ። ረዳቱ በሩን መታ መታ አደረገ። እሳቸው ግን እንደ ቆሙ ናቸው፤ ካልገቡ ማናየሽ ብቻዋን እንደምትሄድ፣ ብቻዋን ሄዳ ስትመለስም ቤቱ የዱሮው ቤት እንደማይሆን ሁለታችንም እናውቃለን። እሳቸው በአሥራ አራት ዓመት ይበልጡኛል። በጎረቤትነታችን ዘመን ሁሉ አንድ ቀን «አንቱ»ን አጉድዬባቸው አላውቅም። ከየት እንዳመጣሁት እስካሁን አላውቅም።

«ግባ» አልኩት።

እንደ መታሁት ሁሉ አየኝ።

«ደብተሩን ስጠኝና ግባ። የምትላት ነገር አያስፈልግም። አጠገቧ ተቀመጥ፣ በቃ።»

አራቱንም ደብተር እጄ ላይ አስቀመጠ። ባርኔጣውን አወለቀ። የበሩን ብረት በሁለት እጁ ይዞ ደረጃውን ወጣ። ማናየሽ ቀና ሳትል ነጠላዋን ከወንበሩ ላይ ሰበሰበች። ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት በሩ ተዘግቶ አውቶቡሱ ወደ ቡሬ ዞሯል።

የሚቀጥሉትን ቀናት ስቃጠል ከረምኩ። ታላቄን፣ ያውም በአደባባይ፣ ያውም እንደዚያ በጨነቀው ሰዓት አንተ ብዬ እንደ ውርንጭላ አዘዝኩት። ፀጉር ቤት ሄድኩ፤ ስለ ሆሳዕና ጭጋግ የሚናገር የለም። ወፍጮ ቤት ተራ ስጠብቅ ሰዉ ሁሉ ዝም ብሎ ተራውን ይጠብቃል። ከተማችን ይህን ያህል ጸጥተኛ መሆኗን አላውቅም ነበር፤ ደግሞም አልወደድኩላትም። ገበየሁ እንኳ አጥሩ ላይ ተደግፎ «እስካሁን የት ደርሶ ይሆን?» አለኝ፤ ሳይስቅ።

በአራተኛው ቀን ስልኬ ጮኸ። እሱ ነው።

«አገኘናት» አለ። «ማናየሽ ናት ያወቀችው። ቦታውን ራሷ ሄዳ ቆመችበት።»

ስለ ዓባይ በረሃ እስኪጀምር ጠበቅሁ። አልጀመረም። ስለ መታጠፊያ አላነሣም፤ ስለ ድልድይ፣ ስለ ሽሮ አላነሣም። መጨነቄ በዛና ራሴ ጠየቅሁ።

«አለቀሰች?»

«አላለቀሰችም» አለ። «እኔ ነኝ ያለቀስኩ። እሷ አጠገቤ ተቀመጠች።»

ድፍረቴ የመነኻሪያው ዕለት አልቋል። «እግዜር ያጽናዎ፣ ጋሽ አዝመራው» አልኩ።



«ደሞ ወደ አንቱ ተመለስክ?» አለኝ። «ተው። ያኛው ይሻላል።»

ስልኩ ተቋረጠ። ኔትወርክ ይሁን እሱ፣ አላወቅሁም። ቤት ውስጥ ሰው አለመኖሩን አየሁና ግድግዳውን ፊት ለፊት ቆሜ «አዝመራው፣ አንተ» አልኩ። መጀመሪያ ድምፄ ሰለለ። ሁለተኛው ግን ደህና ወጣ።