እትዬ አለቀ

በየሰፈሩ፣ «እንዴት አደርክ?» ከማለቷ በፊት የዓይንህን ቆብ ቁልቁል ጎትታ የምታይ አንዲት ሴት አለች። በእኔ ሰፈር የለችም የሚል ሰው ካለ፣ ወይ ሰፈር የለውም ወይ ዓይን የለውም። እንዲህ ዓይነቷ ሴት ሰላም የምትለው አንተን ሳይሆን የደም ሥርህን ነው። ስትጨብጥህ ጣቷ የልብ ምትህን ይፈልጋል፤ ስለ አየሩ እያወራችህ ጥፍርህን ትመረምራለች፤ «ደህና ነኝ» ስትላት «እሱን ለእኔ ተውልኝ» ትልሃለች።

ለእኛ ሕንፃ የደረሰችን ክብርት እትዬ አለቀ ነበረች። የሆስፒታል ነርስ፣ የሁለት ልጆች እናት፣ የአራቱም ፎቅ ክንዶች የበላይ ጠባቂ። እናቷ ያወጣችላት ስም ሌላ ነው። ይህን ያወጣንላት እኛ የተወጋነው ነን።

ነገሩ እንዲህ ነው። እትዬ መርፌ ልትወጋህ ስትል ክንድህን በጥጥ ትጠርጋለች፤ ከዚያ ሲሪንጁ ገና አየር ላይ ሳለ፣ ዓይኗን በጨው ታጥባ «አለቀ!» ትላለች። ልብህ ቅቤ ይጠጣል፣ ጡንቻህ ይፈታል። የምትወጋህ ይሄኔ ነው።

በእኔ ላይ መጀመሪያ የደረሰው ሳንባዬን ታምሜ የተኛሁ ጊዜ ነው። ከሥራ ስትመለስ የራሷን በር ሳትከፍት ቀጥታ ወደ እኔ ወጣች፤ እስክድን ድረስም በየቀኑ እንዲሁ አደረገች። «አለቀ!» አለች። ተነፈስኩ። ቀጥዬ ጮህኩ።

«አለቀ አላልሽም እንዴ፣ እትዬ?»

«ፍርሃቱን ነዋ! መርፌውን መቼ አልኩ?» አለች፣ ጥጡን እየጫነች። «በል ያዘው። አትሸው፣ ያዘው ብቻ።»

በነጋታው ነቅቼባታለሁ ብዬ ጥርሴን ነክሼ ጠበቅኋት። «አለቀ» አለች፤ ንቅንቅ አላልኩም። «ኧረ እውነቴን ነው፣ የዛሬውስ አልቋል፣ ልብስህን ልበስ» አለችኝ። እጅጌዬን ላወርድ ክንዴን ፈታ ሳደርግ ወጋችኝ።

ቃሉ ከመርፌ አልፎ ኑሮዋን ሁሉ ወርሶት ነበር። ባሏ ልጆቹ ትንንሽ ሳሉ ስለሞተባት፣ ቤቱንም ሆስፒታሉንም የምታስኬደው በዚሁ ቃል ነው። አንድ ቀን ድስቱ ገና ሳይጣድ ከጓዳ «አለቀ!» ብላ ስትጣራ፣ ልጆቹ ምግቡ ያለቀ መስሏቸው እዬዬ አሉ። እስከ ሦስተኛ ፎቅ ተሰማን። በሥራ ቀን ደግሞ ከሆስፒታል ትደውልና የቤት ሥራቸውን በስልክ ታሠራቸዋለች። በእሷ ክፍል የተኙ በሽተኞች የማባዛት ሠንጠረዥ ሸምድደው ይወጡ እንደነበር አንድ የዳነ ጎረቤታችን በራሱ አፍ ነግሮኛል። ሰባት ጊዜ ስምንት ድንገት ብትጠይቀው ዛሬም ይመልሳል።

ወንድ ልጇ ሾፌር ሆነና ራቅ ያለ ከተማ ገባ። ሴቷ ልጇ ደም ካየች ራሷን የምትስት ነበረች። የነርስ ልጅ ደም ፈራች ብለን ስንስቅ፣ እትዬ አንድ ቀን እንኳ ተቆጥታም አፍራም አታውቅም። «ምን አለበት? ስትወድቅ የሚያነሳት ባለሙያ ቤቷ ውስጥ አለላት» ትለን ነበር።

አሁን ወደ ሊቀመንበሩ ልምጣ። የሕንፃችን ነዋሪዎች ኮሚቴ ሊቀመንበር ጡረታ የወጣ መኮንን ነው። እዚህ በገባ ሰሞን ሰው ሁሉ «እትዬ አለቀ» ሲላት «እትዬ አለቃ» ብሎ ሰማ። አይፈረድበትም፤ ወታደር ቤት ያረጀ ጆሮ «አለቀ» የሚባል ማዕረግ አያውቅም። ደረጃ ላይ ሲያገኛት ተረከዙን ገጭ አድርጎ ቆመ።

«የት ክፍል ነበሩ?» አላት በአክብሮት።

«ድንገተኛ» አለች። አልዋሸችም፤ በዚያን ጊዜ የምትሠራው የሆስፒታሉ ድንገተኛ ክፍል ነበር።

«አይይ፣ እሱማ ከባድ ነው» ብሎ ራሱን ነቀነቀ። «ብዙ ሰው ወድቆበታል።»

«ብዙ አንስተናል» አለችው።

እኔ ከኋላ ቆሜ ሳቄን ዋጥኩ። ሰውዬው ከሄደ በኋላ «ለምን አታርሚውም?» ብላት፣ «መታዘዝ የለመደ ሰው ለምን ሥራ ይፈታል? ይፈለጋል» አለችኝ። እውነትም ተፈለገ።

ከሕንፃችን ፊት ለፊት ያለው ሰፊ መንገድ መኪናው ፋታ አይሰጥም። ጤና ጣቢያው ደግሞ ከመንገዱ ማዶ ነው። ከመጀመሪያው ፎቅ ጎረቤቶቻችን አንዷ ሕፃን ልጇን አቅፋ መሻገር ትፈራና ነገ ዛሬ ስትል የኩፍኝ ክትባቱ ቀረ። ልጁ ታመመ፤ እትዬ የምትሠራበት ሆስፒታል ተኛ። እሱ ዳነ፤ እትዬ ግን ከዚያ ነገር አልዳነችም። «ልጆቹ አይሻገሩ፣ መርፌው ይሻገር» የሚል ነገር ይዛ ተነሳች። ጤና ጣቢያው ንጹሕ ክፍል ካገኘ ቅዳሜ ቅዳሜ ክትባቱን በማቀዝቀዣ ሣጥን እንዲልክ አስማማች። ምድር ቤት አንድ ክፍል ነበረን፣ የተሰበረ ወንበርና ያረጀ በር የታጨቀበት። ኮሚቴው «የጋራ ንብረት ነው፣ አይነካም» ሲል ጆሮ ዳባ ልበስ አለች። ሊቀመንበሩን ደረጃ ላይ ጠብቃ «ቁልፉን» አለችው። ሰጣት፤ የሰጣትም ቀጥ ብሎ ቆሞ ነው።

ከዚያ በየበሩ እየዞረች «ክፍሉ አለቀ! ቅዳሜ ጠዋት ኑ!» አለች። ምረቃ ነዋ፣ ብለን ሙሉ ልብሳችንን ግጥም አድርገን ወረድን። የላይኛው ፎቅ አስተማሪ አበባ ሳይቀር ይዟል። ብንደርስ በሩ እንደተቆለፈ፣ አቧራው እንዳለ፣ በሩ አጠገብ አካፋና መጥረጊያ ተደርድሯል።

«እትዬ፣ አልቋል አላልሽም?»

«እናንተ ከመጣችሁማ አለቀ!» አለችና አበባውን ተቀብላ አካፋውን አስጨበጠችው።

እግሬ አውጪኝ ለማለት ጊዜው አልፎ ነበር። በከረባት ወንበር ተሸከምን። ማታ ስንገባ ሚስቶቻችን አላወቁንም። ክፍሉ ግን በሁለት ሳምንት ነጭ ቀለም ተቀብቶ ሚዛንና አልጋ ገባለት። ከዚያ ወዲህ በሕንፃችን አንድም ልጅ ክትባት አምልጦት አያውቅም፤ የሽማግሌዎቹም የደም ግፊት እዚያው ይለካል። እትዬ የዕረፍት ቀኗን ለዚያ ሰጠች፤ ማንም ሳይከፍላት፣ ብዙዎቻችንም ሳናመሰግናት።

ከዚያ ታመመች። ካንሰር ነበር፤ እሷ ከሐኪሙ ቀድማ አውቃዋለች። የሕመም ማስታገሻውን ቤት ውስጥ የሚወጋት ሰው ሲያስፈልግ፣ ያቺ ደም ስታይ የምትወድቀው ልጇ «እኔ» አለች። መርፌ መውጋት ስትማር አስተማሪዋም በሽተኛዋም እናቷ ነበረች። መጀመሪያ ስትወጋት አጠገባቸው ነበርኩ። ልጅቷ ጥጡን አሻሸችና «አለቀ፣ እማ» አለቻት።

«ሂጂ ወዲያ! በገዛ ቃሌ?» አለች እትዬ። ክንዷን ግን ፈታችላት።

ልጅቷ ጨርሳ፣ ሲሪንጁን በሥርዓት ጥላ፣ በሩን ዘግታ ወጣች፤ ከዚያ ደረጃው ላይ ተቀመጠችና ራሷን ሳተች። በኋላ ስንነግራት እትዬ በኩራት ሳቀች። «አያችሁ? ሥራዋን ሳትጨርስ አልወደቀችም» አለች። እኔንም ጠጋ በል ብላ የዓይኔን ቆብ ገልጣ አየች። ደምህ ተሻሽሏል ካለችኝ በኋላ «ቅዳሜ ክፍሉን ማን ይከፍታል?» አለችኝ። ከዚያም ወዲያ ያነጋገረችኝ ሁሉ ስለ ቅዳሜ ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት በሬ ተንኳኳ። ልጅቷ ናት። «አለቀ፣ ጋሼ» አለችኝ።

ከልማዴ የተነሳ ክንዴን ፈታ አድርጌ መርፌውን ጠበቅሁ። ያን ቃል በሰማሁ ቁጥር የሚያመው ከኋላ ነው የሚመጣው፤ አሁንም መጣ። እዚያው በሬ ላይ ቆሜ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ከቀብሯ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ምድር ቤት አንድ የተሰበረ ወንበር ታየ። ቀጥሎ ሌላ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ እትዬ ይቅር ትበለኝና፣ ኮሚቴው ድንገት ድምፅ አወጣ። ስብሰባ ተጠራ፤ እዚያው ክፍል ውስጥ። ሊቀመንበሩ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ አለቃዋ ስለሌሉ ክፍሉ ወደ ቀድሞ አገልግሎቱ ቢመለስ፣ አለ። ጤና ጣቢያውም ክፍሉ ከተዘጋ ሣጥኑን እንደማይልክ አሳውቋል። ከወደ ጥግ አንዱ «እሷ ነበረች የምታንቀሳቅሰው። እንግዲህ ነገሩ አለቀ» አለ።

ልጅቷ ተነሳች።

«አለቀ?» አለች። «እናቴ አለቀ ስትል ምን ማለቷ እንደሆነ የማያውቅ ሰው እዚህ አለ? እስቲ እጁን ያውጣ።»

ማንም እጁን አላወጣም። ይልቁንስ ሁላችንም፣ ሳናውቀው፣ ክንዳችንን ያዝን።

ሊቀመንበሩ ብቻ ግራ ተጋባ። «አለቃ ማለትሽ ነው?»

«አለቀ ነው፣ ጋሼ። ማዕረግ አልነበራትም። ነርስ ነበረች።»

ሰውዬው ጫማውን ቁልቁል አየ። ስንት ዓመት ተረከዙን ሲያጋጭላት እንደኖረ ሲያስብ ታየኝ። በመጨረሻ ኮቱን አውልቆ መስኮቱ ላይ ሰቀለ። «ለማንኛውም ትእዛዙ አልተሻረም» አለና የተሰበረውን ወንበር አንስቶ ይዞ ወጣ። ሌሎቻችንም ተከተልነው፤ ቢያንስ በዚህኛው ዙር ከረባት ያሰረ አልነበረም።

ቅዳሜ በሩን የከፈተችው ልጅቷ ነች። እሷ ትመዝናለች፣ የእናቷ የሥራ ባልደረባ የነበረች ነርስ ትወጋለች፣ እኔ ሕፃናቱን አቅፌ እይዛለሁ። ሊቀመንበሩ ደረጃው ላይ ቆሞ ሰልፉን ያስከብራል፤ እንዲህ ያለ ቀጥ ያለ የእናቶች ሰልፍ በዓለም ላይ የለም።

የመጀመሪያው ልጅ የዚያችው የመጀመሪያው ፎቅ ጎረቤታችን ሁለተኛ ልጅ ነበር። ጉልበቴ ላይ ተቀምጦ ነርሷን ሲያይ ከንፈሩ መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ ሰውነቱ እንጨት ሆነ። ጎንበስ ብዬ በጆሮው «አለቀ» አልኩት። አመነኝ። ገላው ሲፈታ በእጄ ተሰማኝ።

ልጅቷ ከሚዛኑ ቀና ብላ አየችኝ።

«ጋሼ፣ ገና አልተወጋም እኮ» አለች።

«አውቃለሁ» አልኳት።