የአብዲ ቀደር

እርስዎ ክፉ ሲገጥምዎ ምን ይላሉ? «የአርባ ቀን እድሌ ነው»? «እጣ ፈንታዬ ነው»? የሰፈራችን ባጃጅ ነጂ አብዲ ግን ቃል አያባዛም፤ ሁሉም ነገር «ቀደር» ነው።

ባለፈው ጥላ ፍለጋ ባጃጁን በሰፈራችን ደረቅ ወንዝ አሸዋ ላይ ዛፍ ሥር አቁሞ፣ ጫቱን ይዞ ጋደም አለ።

«አብዲ፣ ተራራው ጠቁሯል! ጎርፍ ሳይመጣ አንሳት!» ስለው፣

«አቦ፣ ከተጻፈባት የት ታመልጣለች?» አለኝ።

ጎርፉ ሲያጓራ ግን እንደ እሱ የጮኸ የለም። «ዋሪያ! ድረሱልኝ! ግፉ!» እኛ ሰፈርተኞቹ እስከ ጉልበታችን ጭቃ ውስጥ ገብተን፣ ገፍተን አወጣናት።

«ቀደርስ?» አልኩት እያለከለክሁ።

«ቀደሬማ እናንተ ናችሁ፣ ወላሂ!»

በማግስቱ እዚያው አሸዋ ላይ አቆማት። እኔም ይኸው፣ «ቀደር» ሲባል በሰማሁ ቁጥር ወገቤን ያመኛል።