ብሪጅኛ ተናጋሪው ጋሽ ደብል

በዓለም ላይ አንድን ነገር ከልቡ ከሚወድ ሰው የበለጠ አድካሚ ፍጡር የለም። ኳስ የሚወደው ጎረቤታችሁ የሚስቱን ኩርፊያ እንኳ በኳስ ቋንቋ ነው የሚተርክላችሁ። መኪና የሚወደው አጎታችሁ ጉልበቱን ሲያመው «ጎማዬ ተነፈሰ» ይላል። ለእኛ መሥሪያ ቤት የደረሱን ደግሞ የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ፣ ክቡር ጋሽ ደብል ናቸው። እሳቸው የሚናገሩት ብሪጅኛ ነው።

ብሪጅ አራት ሰዎች ሁለት ለሁለት ሆነው የሚጫወቱት የካርታ ጨዋታ ነው። ጋሽ ደብል ይህን ሲሰሙ ደማቸው ይፈላል። «ጨዋታ? የሚጫወት ሕፃን ነው! ይኼ ትምህርት ነው!»

ትምህርቱ የሚሰጠው በምሳ ሰዓት ነበር፤ በፋይል መደርደሪያዎቹ መካከል፣ አንድ እግሩ በወፍራም መዝገብ በተደገፈ ጠረጴዛ ላይ። በአንድ ወገን የሥራ አስኪያጁ ጸሐፊና እምቢ ማለት የማያውቀው የበር ጥበቃ፣ በሌላው ጋሽ ደብልና እኔ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ተጣማሪያቸው ነበርኩ።

በብሪጅኛ «ደብል» ማለት «ያልከውን አታደርገውም፤ ከፈለግህ እንወራረድ» ማለት ነው። ቅጽል ስማቸውን ያገኙት በጠቅላላ ስብሰባ ላይ ነው። ሥራ አስኪያጁ «ክረምት ሳይገባ የመዝገብ ቤቱ ጣሪያ ይታደሳል» ሲሉ፣ ጋሽ ደብል ከኋላ ወንበር «ደብል!» ብለው ጮኹ። የፋይናንስ ኃላፊው በጀቱ እጥፍ ይሁን ያሉ መስሏቸው የውሃ ብርጭቋቸውን ጣሉ። ክረምቱ ገባ፣ ጣሪያው አፈሰሰ። ጋሽ ደብል ሦስት ቀን ፋይሎቹን ላስቲክ ሲያለብሱ ሰነበቱ። «አላልኩም?» ያሉት አሥራ አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

ሌላም አለ። አሥራ ሦስቱንም ዙር ጠራርጎ መብላት «ስላም» ይባላል። አንድ ቀን እንዲህ ያለ ካርታ ደረሳቸውና «ስላም!» ብለው አገሱ። ፋይል ፍለጋ የመጡ አንዲት እናት በሩ ላይ ቆመው ኖሮ «እግዚአብሔር ይመስገን! እናንተስ ሰላም ናችሁ?» ብለው መለሱ። ጋሽ ደብል ካርታቸውን አዩ፣ ሴትዮዋን አዩ። ከዚያ በረጅሙ ተንፍሰው ተነሡና ፋይሉን እስኪያገኙ አርባ ደቂቃ መሰላል ላይ ዋሉ። የምሳ ሰዓቱ አለቀ። ለያች ካርታ እስከ ዛሬ ያለቅሱላታል።

ጨዋታው ሲያልቅ የሚመጣውን ወቀሳ «የአስከሬን ምርመራ» ይሉታል። የእኔ አስከሬን በየቀኑ ይመረመር ነበር። «ልጄ፣ ንጉሡን ለማን ቆጥበህ ነው? ለተዝካርህ?»

ባለፈው ዓመት ባለቤቴ የልብ ቀዶ ጥገና ሊደረግላት ሆነ። ከጸሐፊዋ በቀር ለማንም አልተናገርኩም። በቀጠሮው ቀን ጠዋት ሐኪሞቹ ይዘዋት ሲገቡ፣ ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ተቀምጬ የወለሉን ንጣፍ እመለከት ጀመር። አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ የማውቀው ሳል ተሰማኝ። ጋሽ ደብል ናቸው፤ ጸሐፊዋንና ጥበቃውን አስከትለው፣ ታጣፊ ጠረጴዛ በብብታቸው ይዘው። ጣሪያው ሲያፈስ እንኳ ያልተዘጋውን መዝገብ ቤት ዘግተው ነው የመጡት።

«ምን ሆነች?» አላሉም። «ጠጋ በል» ብለው ካርታውን አደሉ።

ቀዩና ጥቁሩ ተምታታብኝ። እሳቸው አስ ጥለው ዙሩን በልተውታል፤ እኔ ደግሞ የራሴ ወገን በበላው ላይ ሌላውን ሁሉ የሚገዛውን ካርታ ጣልኩበት። ብሪጅ ውስጥ ከዚህ የባሰ ኃጢአት የለም። ጸሐፊዋ ዓይኗን ጨፈነች።

ጋሽ ደብል ካርታዎቹን ቀስ ብለው ሰበሰቡ። «በልተናል፤ ቀጥል» አሉ።

ያን ጊዜ አለቀስኩ። «ጋሼ፣ ብትሞትብኝስ?»

በብሪጅኛ ይመልሱልኛል ብዬ ጠበቅሁ። እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አደረጉና «አላውቅም ልጄ» አሉ። «እኔ ግን እዚሁ ነኝ። የትም አልሄድም።»

እውነትም የትም አልሄዱም። ከቀትር በኋላ ሐኪሙ ጭንብሉን አውልቆ ወጣና «ደኅና ናት፤ ነቅታለች» ሲል፣ ቀድመው የተነሡት እሳቸው ናቸው። ጠረጴዛው ተገለበጠ፤ ካርታው ኮሪደሩን ሞላው። ነርሷ ተቆጣች። አራታችንም በእንብርክካችን እየሳቅን ለቀምን።

ባለቤቴ ቤት ሆና ስታገግም ጋሽ ደብል ከሥራ መልስ እየመጡ ብሪጅ ያስተምሯት ጀመር። በሁለተኛው ሳምንት እሷም ብሪጅኛ መናገር ጀመረች። በአራተኛው እኔ ከተጣማሪነት ተሰናበትኩ። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ሳሎናችን ውስጥ ሁለቱ ባንድ ወገን ሆነው እኔንና ጸሐፊዋን ያሸንፉናል፤ ከዚያም አስከሬኔን በጋራ ይመረምራሉ።

ባለፈው ቅዳሜ በር ድረስ ሸኘኋቸው። ደረጃው ላይ ቆም ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«መድኃኒቷን በሰዓቱ ትዋጥ፤ አደራ! እንደ እሷ ያለ ተጣማሪ በዕድሜዬ አላጋጠመኝም።»

ዘጠኝ ዓመት ከፊታቸው የተቀመጥኩት እኔ፣ ብርድ እንዳይመታቸው የኮታቸውን ቁልፍ እስከ አንገታቸው ቆለፍኩላቸው።