ተፋቺዎችን ምስር የሚያስለቅሙት ኮች ሸዋገነት

አምቦ ውስጥ ከሚስትህ ጋር ከተጣላህ ምክር ከደጅህ አይጠፋም። ስኳር ልትገዛ ሱቅ ገብተህ ምክር ተመርቆልህ ትወጣለህ። የባጃጅ ሹፌሩ ይመክርሃል። ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን አንገትህ ላይ እንደያዘ ይመክርሃል። ትዳር የሚባል ነገር በሩቁ እንኳ የማያውቅ የቢሮ ባልደረባህ ወንበሩን ስቦ "ስማኝ ወንድሜ" ይልሃል። በዚህ ሁሉ መካሪ መካከል ታዲያ ምክር የማይሰጥ አንድ ሰው በየከተማው አለ። ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ስትጠይቁት መልሶ ይጠይቃችኋል፤ ትበግናላችሁ፤ በማግስቱ ደግሞ ተመልሳችሁ ትሄዳላችሁ። በእኛ ከተማ እኚህ ሰው ክብርት ኮች ሸዋገነት ናቸው።

የኮችነት ማዕረጋቸው ከእግር ኳስ ጋር ዝምድና የለውም። ጡረታ የወጡ የባዮሎጂ መምህርት ናቸው። አዳማ ሄደው ኮቺንግ የሚባል ሥልጠና ወሰዱና፣ ሲመለሱ "ለመፋታት የቆረጡ ሰዎች ረጋ ብለው እንዲወስኑ አግዛለሁ" አሉ። ከተማው ሳቀ። እኛ ዘንድ ባልና ሚስት ሲጣሉ ሽማግሌ ይገባል፤ ሽማግሌ የሚገባው ደግሞ ሊያስታርቅ ነው። ላያስታርቁ መግባት ምን የሚሉት ነው? የሰፈራችን ዋና አስታራቂ ኦቦ ጂራ መንገድ ላይ አስቆሟቸው።

"አዴ ሸዋገነት፣ ጃርሱማ እያለ፣ ሽማግሌው እያለ፣ የእርስዎ ነገር ምንድን ነው? የሰው ትዳር ሊያፈርሱ ነው እንዴ?"

"እርስዎ ያስታርቁ ኦቦ ጂራ። እምቢ ያሉዎትን ወደ እኔ ይላኩልኝ። ከተፋቱም በንዴት አይፋቱ" አሏቸው።

ኦቦ ጂራ ተቆጥተው ሄዱ። የገዛ ልጃቸው ትዳር ሲናጋ ግን በእኚያው ሴትዮ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ተገኙ።

እዚያ በረንዳ ላይ የተቀመጠ ሰው መጀመሪያ ምስር የሞላ ሰፌድ ጭኑ ላይ ይደረግለታል። "እየለቀምክ አውራኝ" ይላሉ ኮች። ምስር የሚለቅም ሰው እንደልቡ እጁን ማወራጨት አይችልም፤ ጠረጴዛም አይደበድብም። ከረባት ያሰረ የባንክ ሥራ አስኪያጅ ጠጠር ሲለቅም በዓይኔ አይቻለሁ። ሰውየው በደሉን ዘርዝሮ፣ ምሎ ተገዝቶ፣ ውሳኔውን አውጆ ሲጨርስ፣ ኮች ቀና እንኳ ሳይሉ ያችን የታወቀች ጥያቄያቸውን ያመጣሉ።

"እሺ፣ ሰኞ ጠዋትስ?"

የጉደሩ ለሊሳ "እሷ ባለችበት ከተማ አንድ ቀን አላድርም፣ ነቀምቴ እገባለሁ!" ብሎ ፎክሮ ነበር። "እሺ፣ ሰኞ ጠዋትስ? ወፍጮ ቤትህን ማን ይከፍተዋል?" አሉት። ለሊሳ ነቀምቴን ተወው። ዛሬም ጉደር ነው። የቀድሞ ሚስቱ በቆሎዋን የምታስፈጨው እሱው ዘንድ ነው፤ ሰላምታቸው አጭር ቢሆንም አልተቋረጠም።

ከሸነን የመጣችው መምህርት ጃለኔ ደግሞ ተቃራኒው ነበረች። "ቤቱንም ዕቃውንም ይውሰደው፤ እኔ መገላገል ብቻ ነው የምፈልገው" አለች። ሌላ ሰው ቢሆን "ጀግና!" ብሎ ያጨበጭብላት ነበር። ኮች ግን "ሰኞ ጠዋት ከየት ተነስተሽ ነው ትምህርት ቤት የምትሄጂው?" አሏት። ጃለኔ አለቀሰች። ስታበቃ አሰበችበት፤ ድርሻዋን ጠየቀች፤ አገኘችም።

የእኔ ተራ የደረሰው በ2011 ነው። ከባለቤቴ ከቤርሳቤህ ጋር መኖር አቅቶን፣ ሽማግሌዎቹም ደክሟቸው ከተዉን በኋላ፣ ሰፌዱን ተቀበልኩ። ውሳኔዬ የተዘጋጀ ነበር። ሰባት ዓመት የሆናትን ልጃችንን ሰምሃልን ይዤ ባኮ እህቴ ዘንድ እገባለሁ፤ እናቷም ትቅመሰው!

"እሺ፣ ሰኞ ጠዋትስ?"

"እህቴ አለች፣ ትምህርት ቤቱም ቅርብ ነው፣ ሁሉም ታስቦበታል" አልኩ፣ ላለመረታት።

"ጥሩ ነው ፍሮምሳ። እንግዲያው አንዷን ሰኞ እዚሁ አምቦ ብቻህን ሞክራት።"

ቤርሳቤህን ራሳቸው አነጋግረው እናቷ ዘንድ እንድታድር አደረጉ። እኔም ሰኞን ገጠምኳት። እንቁላሉ ከመጥበሻው አልላቀቅ አለ። ማበጠሪያው የሰምሃል ፀጉር ውስጥ ገብቶ አልወጣ አለ። ልጅቷ አንዴም አላማረረችም፤ እኔን ላለማስከፋት ጥርሷን ነክሳ ቻለችው። ይህን ሁሉ እኔም በችሎታ ማነስ አሳብቤ አልፈው ነበር። ትምህርት ቤቷ ልንደርስ ስንል ግን እጄን ይዛ ቀና ብላ አየችኝ።

"አባዬ፣ ባኮ ስንሄድ 'እማዬ ናፈቀችኝ' ማለት ይቻላል? ወይስ ትቆጣለህ?"

በሩ ላይ ትቻት በቀጥታ ወደ ኮች በረንዳ ሄድኩና የጠየቀችኝን ነገርኳቸው።

"ምን መለስክላት?"

"ምንም።"

"አሁንስ ምን ትመልስላታለህ?"

ሰው እንዲህ ሆኖ መጥቶ እንኳ አንዲት ምክር ጣል አያደርጉለትም! ተናደድኩ። ተነስቼ ቆምኩ፤ መልሼ ተቀመጥኩ። በመጨረሻ "እዚሁ ትቆያለች፤ እኔም እቆያለሁ" የሚል ቃል ከአፌ ወጣ። ኮች የያዙትን አስቀምጠው ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይን ዓይኔን እያዩ "ይኼ ውሳኔ ነው" አሉኝ።

ተፋታን። ይታረቃሉ ብላችሁ የጠበቃችሁ ይቅርታ አድርጉልኝ። እኔ ከቤርሳቤህ ቤት ሁለት መታጠፊያ ዝቅ ብሎ ቤት ተከራየሁ፤ ሰምሃልም ከሁለታችንም ዘንድ አልጋ አላት። ኮችን ላመሰግን ብሄድ "እኔ ምን አደረግሁ? የወሰንከው አንተ" ብለው ምስጋናዬን አሸክመው መለሱኝ። ምስጋና እንኳ የማይቀበሉ ሴትዮ! እዚህ የምጽፈው ሊመልሱልኝ በማይችሉበት ቦታ ላስቀምጠው ብዬ ነው።

ሰምሃል አሁን ዐሥራ ሦስት ሞልቷታል። ባለፈው ቅዳሜ ስልኳን ስቀማት "አንተ ምንም አይገባህም!" ብላ በሩን ጓ አድርጋ ዘግታ ወጣች። ደንግጬ ልከተላት ብል ጫማዬ እምቢ አለኝ፤ ክሩን ሳስር ስልኬ ጮኸ። ቤርሳቤህ ነበረች።

"አትሩጥ፤ እኔ ጋ ናት። እየበላች ነው። አንተስ በልተሃል?"

"በልቻለሁ" አልኳት። አልበላሁም ነበር። ባኮ ብንሆን ኖሮ ተናዳ ወደ እናቷ ልትሳፈር የወጣች ልጄን የምፈልጋት መናኸሪያ ነበር። ጫማዬን ፈትቼ ቁጭ አልኩና፣ ማንም በማይሰማኝ ቤት ውስጥ ድምፄን ከፍ አድርጌ "እትዬ ሸዋገነት፣ ዕድሜና ጤና ይስጥዎ" አልኩ።