ታላቁ ሶፋ ሠሪ እናታቸውን በባሕር ላይ ያስቀመጡበት ዘመቻ

ሁለተኛው ማቀዝቀዣ በቤቱ በነገሠ በአራተኛው ዓመት፣ ይኸውም አንደኛው ማቀዝቀዣ ሦስት ቀን አቃስቶ ካረፈ በኋላ መሆኑ ነው፣ ሚስማር በከንፈራቸው ይዘው የማይውጡ፣ ቆዳ ወጥረው የማያጨማድዱ፣ የስፖንጅና የሞላ ጌታ፣ የተንኮታኮተውን ሁሉ አንሺ የሆኑት ታላቁ ሶፋ ሠሪ ወደ ባሕር ዘመቱ፤ እኛም ያየነውን ሳናጎድል፣ ያላየነውንም በመጠኑ ጨምረን እነሆ እንጽፋለን።

የዘመቻው ምክንያት ስእለት ነበረ። እመቤት እናታቸው በአንድ ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ቤት ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ቆመው አንሶላና ፎጣ ሲተኩሱ የኖሩ፣ ጡረታ ከወጡም ወዲህ በልጃቸው ቤት ወዲያ ወዲህ ሲሉ የሚውሉ ናቸው፤ ልጃቸው ግን ሥራቸው ሰው ማስቀመጥ ነውና ጥርስ ሐኪሙን አስቀምጠዋል፣ ጠበቃውን አስቀምጠዋል፣ የሠርግ አዳራሹን እድምተኛ ሁሉ አስቀምጠዋል፣ የገዛ እናታቸውን ማስቀመጥ ግን አቅቷቸው ነበር። ይህ ነገር አንጀታቸውን ሲበላው ኖሮ አንድ ቀን መዶሻቸውን አኑረው ለቤተሰቡ እንዲህ ሲሉ አወጁ፦

«ስሙኝማ! እማዬ ባሕር አይታ አታውቅም። ታያለች! ደግሞ ቆማ እንዳይመስላችሁ፣ እግሯን ዘርግታ፣ ተቀምጣ ነው የምታየው! ይኼን ካላደረግሁ ሶፋ ሠሪ ብላችሁ አትጥሩኝ!»

የተከተላቸውም ሠራዊት ይህ ነበረ፦ በቀኝ፣ የመድኃኒት ቦርሳቸውን እንደ ጋሻ ያነገቡት ነርስ ባለቤታቸው፤ በግራ፣ ዐይኗን ከስልኳ የማታነሣ፣ ጆሮዋ ግን ምንም የማያመልጠው የአሥራ አምስት ዓመት ልጃቸው፤ ከኋላ፣ የባለቤታቸው ወንድም፣ ለመጣ ነገር ሁሉ መልሱ አንድ ስለ ሆነ «ችግር የለም» የሚል ስም የወጣለት፣ መርከቡን የመረጠና ትኬቱን የቆረጠ እርሱ ራሱ፤ በመካከልም አዲስ ጫማ የተጫሙት እመቤት። ከእነዚህ ጋር ስድስት ሻንጣ፣ አንድ ጃንጥላ፣ የመርከብ ትራስ አይታመንምና ሁለት ትራስ ዘመቱ።

በመጀመሪያው ቀን ወደ ክፍላቸው ገቡ። በማስታወቂያው ወረቀት ላይ ባሕሩ በመስኮቱ ሙሉ ተዘርግቶ ይታይ ነበርና፣ ሶፋ ሠሪው እመቤትን ዐይናቸውን አስጨፍነው መስኮቱ ፊት ካቆሙ በኋላ መጋረጃውን በሁለት እጃቸው ቢገልጡት፣ ከመስታወቱ ማዶ ብርቱካንማ ነገር ብቻ ታየ፤ እርሱም በገመድ የተንጠለጠለ የነፍስ አድን ጀልባ ሆድ ነበረ፣ መስኮቱንም ከዳር እስከ ዳር ሞልቶት ነበረ። ወእምዝ፣ ከዚህም በኋላ፣ የባለቤታቸው ወንድም ድምፁን ከፍ አድርጎ አወጀ፦ «ችግር የለም! መርከቡ ቢሰጥም ቀድመን የምንሳፈረው እኛ ነን!» እመቤትም ቀለሙ ደስ ይላል አሉ። ሶፋ ሠሪው ግን እናታቸው ደስ ሲላቸውና ደስ ያላቸው ሲመስሉ ለይተው ያውቃሉና መጋረጃውን መልሰው ዘጉት።

ስለዚህ ጦሩ ፊቱን ወደ ላይ አዞረ። በመርከቡ አናት ላይ ባለው ሰገነት፣ የብረት አጥሩን ተጠግተው ወደ ባሕር የሚያዩ ሃያ ወንበሮች ነበሩ፣ ተሳፋሪው ግን ስምንት መቶ ነበረ። የሰገነቱም ሕግ፣ ማልዶ ፎጣውን የጣለበት ሰው ወንበሩን ይገዛል የሚል ነው። በሁለተኛው ቀን ጎሕ ሲቀድ ሶፋ ሠሪው ወጥተው አምስት ፎጣ ጥለው አምስት ወንበር አቀኑ፤ ሌሎቹም አሥራ አምስቱን አቀኑ፤ ከዚያም ሁሉም ሠራዊታቸውን ሊቀሰቅሱ ወረዱ። በዚያች ሰዓት ግን፣ ማልዶ መነሣት የማይለቃቸው እመቤት በሌላው ደረጃ ብቅ ብለው፣ ሃያ ፎጣ በየወንበሩ ተዝረክርኮ አዩ። ሠላሳ አራት ዓመት የለመደ እጅ ይህን አይቶ አላለፈም፤ ሃያውንም ጫፍ ከጫፍ እያጋጠሙ፣ በሦስት እያጠፉ፣ በቅርጫቱ ውስጥ ደርድረው፣ አንድ ቁም ነገር እንደ ሠራ ሰው ደስ ብሏቸው ወረዱ። ሕዝቡም በወጣ ጊዜ ወንበሩ ሁሉ የማንም ሆኖ፣ ጩኸትና ግፊያ ሆነ። ካፒቴኑም በድምፅ ማጉያ አወጁ፦

«ክቡራን ተሳፋሪዎቻችን! ፎጣዎቹን ያጠፉት ሰው ማን እንደ ሆኑ አላወቅንም። አስተጣጠፋቸው ግሩም ነው። ግን በእናታችሁ፣ ሁለተኛ አይንኩብን!»

እመቤትም «ግሩም» የሚለውን ብቻ ሰሙ። ሶፋ ሠሪውም ነገሩ ገብቷቸው እናታቸውን ፈጥነው ወደ ቁርስ ወሰዱ።

በሦስተኛው ቀን ፎጣን ትተው ሰው አሰለፉ፤ አምስቱም በሌሊት ልብሳቸው ላይ ጃኬት ደርበው ወጥተው አምስት ወንበር ላይ ተቀመጡ፣ ባሕሩም በፊታቸው ሆነ፣ ድሉም የተጨበጠ መሰለ። ነገር ግን የባለቤታቸው ወንድም ትኬቱን ሲቆርጥ በግርጌ በደቃቁ የተጻፈውን አላነበበም ነበር፤ ሳምንቱ የጡረተኞች ሳምንት ነበረ። ቁርስ እንዳለቀ በደረጃው በኩል ምርኩዝ የያዙ፣ መነጽር በገመድ ያንጠለጠሉ፣ ወገባቸውን የደገፉ አዛውንት እየተከታተሉ ብቅ አሉ። በሶፋ ሠሪውም ቤት እመቤት ራሳቸው ያወጁት፣ ሦስት ትውልድ ያልሻረው ሕግ አለ፦

«ትልቅ ሰው ቆሞ እያየ የሚቀመጥ ልጅ አልወለድኩም! ተነሡ!»

መጀመሪያ ልጅቷ ዐይኗን ከስልኳ ሳታነሣ ተነሣች፣ ቀጥሎ ያ የማይቸገረው አጎቷ ተነሣ፣ ቀጥሎ ነርሷ፣ ቀጥሎ ራሳቸው ሶፋ ሠሪው ጥርሳቸውን ነክሰው ተነሡ። የቀሩት እመቤት ብቻ ነበሩ። እርሳቸውም በእውነቱ ሰባ ሁለት ዓመት የሞላቸው ናቸው፤ ነገር ግን በአንደኛው ማቀዝቀዣ ዘመን ስድሳ አምስት ነኝ ካሉ ወዲህ ከዚያች ቁጥር ንቅንቅ አላሉም፣ ስለዚህም ጸጉሩ የነጣ ሰው ሁሉ ታላቃቸው ነው። እንዲህም እያሉ ተነሡ፦ «ኧረ በሞቴ ይቀመጡ! እኔማ ገና ነኝ!» እውነተኛው ዓመት በሶፋ ሠሪው የደረት ኪስ፣ በፓስፖርቱ ውስጥ ተጽፎ ነበረ፤ እርሳቸው ግን ባሕር ቢጥሏቸው እንኳ አያወጡትም።

በአራተኛው ቀን ወሬው በመርከቡ ተዳረሰ፤ እዚያ ቤተሰብ ፊት ሄዶ ጉልበቱን ያሸ ሰው ወንበር ያገኛል ተባለ። አዛውንቱም ከቁርስ በፊት ወረፋ ይዘው ጠበቁ፣ ሁሉም እንደ ተራው ተቀመጠ፣ እመቤትንም መረቀ። እመቤትም ብረቱን ይዘው ቆሙ፣ ልክ እንደ መተኮሻው ጠረጴዛ ዘመን አንዱን እግር አሳርፈው በሌላው እየቆሙ፣ ደግሞ እየለዋወጡ። ሶፋ ሠሪው ይህን ከኋላ ሆነው አዩ፣ ፊታቸውንም አዞሩ፣ ምሳም አልበሉም።

ወበሳኒታ፣ በማግሥቱ፣ በመጨረሻው ጠዋት፣ መርከቡ ወደብ ሊደርስ ሁለት ሰዓት ሲቀረው፣ ሶፋ ሠሪው ከደረጃው ጀርባ ማን እንደ ጣለው ያልታወቀ፣ መቀመጫው የተበጠሰ አንድ ወንበር አገኙ። እግሩን ነቀነቁ፣ ጸና። መገጣጠሚያውን ጫኑ፣ ቻለ። ከኪሳቸውም ወስፌና ክር አወጡ፣ ያለ እነርሱ ከቤት ወጥተው አያውቁምና፤ ጠርዙንም ሰፉ፤ መካከሉን የሚሸከም ግን ጠፋ፤ ወእምዝ ሳያመነቱ የገዛ ቀበቷቸውን ፈትተው በወንበሩ ሆድ አሳልፈው፣ ወጥረው፣ ቋጥረው፣ ከአጥሩ ጥግ አቆሙት፣ በቀኝ እጃቸውም እመቤትን አስቀመጡ፣ ግራ እጃቸው ሱሪያቸውን ይዛ ነበርና።

ገና እግራቸውን ሳይዘረጉ ባለ ምርኩዙ አዛውንት መጡ፣ ፊታቸውም ቆሙ፣ ጉልበታቸውንም አሹ። እመቤት እንደ ልማዳቸው ብድግ ሊሉ ወንበሩን ተደገፉ። በዚያን ጊዜ የእመቤት ዐይን ልጃቸው ላይ ዐረፈ፤ በሰው ፊት ሱሪውን ጨብጦ፣ ላቡ በግንባሩ ወርዶ፣ ከልጅነቱ ጀምሮ ምንም ሳይጠይቃቸው የሚለምንበትን ዐይን ይዞ ቆሟል። እመቤትም ተመልሰው ተቀመጡ፣ መርከቡም ሁሉ እስኪሰማ አወጁ፦

«ይቅር ይበሉኝ አባቴ፣ ዛሬስ አልነሣም! ሰባ ሁለት ዓመቴ ነው! ሰምታችኋል? ሰባ ሁለት! ልጄ የሠራልኝ ወንበር ነው!»

ልጅቷ ዐይኗን ከስልኳ አነሣች፤ ይህም በታሪክ የመጀመሪያው ነው። አዛውንቱም ስድሳ ስምንት ብቻ ነበሩና ቆባቸውን አውልቀው፣ ለታላቃቸው ጎንበስ ብለው ፈቀቅ አሉ። ቀጥሎ የጽዳት ሠራተኛዋ መወልወያዋን ይዛ መጣች፤ ሌላ ጊዜ ቢሆን እመቤት ተነሥተው አብረው ይወለውሉ ነበር፤ አሁን ግን ሁለቱን እግሮቻቸውን ብቻ ከፍ አደረጉ፣ ከእግራቸው ሥርም ተወለወለ፣ መልሰው ዘረጉ። ባሕሩንም አዩ። የወደቡ መጋዘን ግራጫ ግድግዳ መጥቶ እስኪሸፍነው ድረስ አንድ ሰዓት ከሩብ አዩት።

ቀበቶው ከወንበሩ ጋር እጅግ ተወጥሮ ስለ ነበር አልፈታ አለ። ስለዚህ ታላቁ ሶፋ ሠሪ በግራ እጃቸው ሱሪያቸውን፣ በቀኝ እጃቸው እናታቸውን ይዘው፣ ስድስቱን ሻንጣ ለማይቸገረው አሸክመው፣ አዛውንቱ በሁለት ረድፍ እየመረቋቸው ከመርከቡ ወረዱ። የተንኮታኮተውን የሚያነሡ፣ የቆመውን የሚያሳርፉ፣ በቀበቷቸው ባሕርን ድል የነሡ እርሳቸው ናቸው፤ መዶሻቸው አይዛግ፣ ሞላቸው አይርገብ፣ ሱሪያቸውም ከእንግዲህ ይጽና! በዚህም ዓመት፣ ሁለተኛው ማቀዝቀዣ በነገሠ በአራተኛው፣ እመቤት እናታቸው በአንድ ጠዋት ሰባት ዓመት ጨመሩ፣ ተቀምጠውም ጨመሩ።