የቤዛ ቢራቢሮና የእኔ አንገት

ሰው ቁርስ ላይ ዜና ባይነግረኝ ደስ ይለኛል። ሻይ ተጠጥቶ፣ ዕቃ ታጥቦ ካበቃ በኋላ የመጣውን ሁሉ እችላለሁ። ልጄ ቤዛ ግን ዳቦዋን ሻይ ውስጥ እየነከረች «እማ፣ ቅዳሜ ታቱ ልሠራ ነው» አለችኝ። እንዲያው ቅዳሜ ጫማ ልገዛ ነው እንደማለት።

ምን ዓይነት ነው አልኋት። ቢራቢሮ ነው አለች። የት? ማጅራቷ ላይ። እንግዲህ ተመልከቱልኝ፤ ራሷ ዞራ በማታየው ቦታ ላይ ቢራቢሮ። ቢራቢሮ አምሯት ከሆነ ከሰፈራችን ከሹም አቦ ወርዳ ሐይቁ ዳር ቁጭ ብትል፣ አንድ ጠብታ ሳትደማ መጥቶ ያርፍባት ነበር። ይህንኑ ነገርኋት። አልሳቀችም።

አባቷን ስማኝማ አልሁት። ፋብሪካ ውስጥ ስንት ሠራተኛ የሚያዝዝ ሰው ነው። «ይሄ የእናትና የልጅ ነገር ነው» ብሎ ኮፍያውን አድርጎ ወጣ። በቤታችን ከበድ ያለ ጉዳይ ሁሉ የእናትና የልጅ ነገር ነው። ለእሱ የቀረለት የኳስ ጨዋታ ነው።

ትምህርት ያቆምሁት ሰባተኛ ክፍል ላይ ነው፤ መምከር ግን አያቅተኝም። ኦሪት ገላን መነቀስ እንደሚከለክል ነገርኋት። መርፌው በሽታ እንደሚያመጣ ነገርኋት። ነገ ሥራ ስትፈልግ፣ ትዳር ስትይዝ የሚሆነውን አንድ በአንድ፣ በትዕግሥት። እሷም በትዕግሥት ሰማችኝ። ስጨርስ ስልኳን አስቀመጠችና አንገቴን አየችው።

ስለ አንገቴ አልነገርኋችሁም ለካ። እኔ ከሐይቁ ማዶ፣ የደልጊ ልጅ ነኝ። ከጆሮዬ ሥር እስከ ደረቴ አራት ረድፍ ንቅሳት አለብኝ፤ በረድፎቹ መካከል ነጠብጣብ፣ ከታች ደግሞ ሐብል የመሰለ። ግንባሬ ላይ መስቀል አለ። ድዴም ተነቅሷል፤ እሱ ካልሳቅሁ አይታይም፣ ያን ሳምንት ደግሞ የሚያስቅ ነገር አልነበረም።

«የእኔ ሌላ ነው» አልኋት።

«ምኑ ነው ሌላ?»

«ይሄ እንቅርት እንዳይወጣ ነው።»

«ግንባር ላይም እንቅርት ይወጣል?»

«እሱ መስቀል ነው።»

«ድድሽስ?»

ድዴን ምን ልበለው? ጥርስ ነጭ ሆኖ እንዲታይ ነው አልኋት። «ለማማር ነዋ» ብላ ሻይዋን ጨረሰች።

ያኔ በምን እንደሄድሁባት ልንገራችሁ፤ በሥቃዬ። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ነቃሿ ሴትዮ መጣች፤ እናቴ እጄን ያዘች፣ አክስቴ እግሬን። በኩራዝ ጥላሸትና በመርፌ ወጋግተው ወጋግተው ሲያበቁ፣ አንገቴ አብጦ ሦስት ቀን እህል መዋጥ አቃተኝ። ሰዉ ሁሉ ግን ቆንጆ ሆነች አለ። ይህን ስነግራት የቤዛ ፊት ተለወጠ። ያሸነፍሁ መሰለኝ።

«እማ» አለች ቀስ ብላ፤ «አንቺን ማንም አልጠየቀሽም። እኔን ደግሞ የሚይዘኝ የለም። በእግሬ ሄጄ ነው የምቀመጠው።»

ብድግ ብዬ ዕቃ አጠብሁ።

እውነቱን ከጠየቃችሁኝ፣ ያስፈራኝ ኦሪት ብቻ አልነበረም። ሕፃን ሆና አንገቷን ሳጥባት «ይሄንስ መርፌ አይነካውም» እያልሁ ነው ያሳደግኋት። ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለራሴ የተሳልሁት ነገር ነበር።

ዓርብ ዕለት አንድ ሐሳብ መጣልኝ። የአንገቴ ንቅሳት ቢጠፋልኝ እኮ ለመምከር አፍ ይኖረኛል። ደብተር ላይ የሚጽፍ ላጲስ አያጣም፤ የሚነቅስም የሚያጠፋበት አያጣም ብዬ ግሽ አባይ ሰፈር ወዳለው ታቱ ቤት ሄድሁ።

ልጁ ክንዱ ላይ ባዶ ቦታ የለውም። አንበሳ አለ፣ የሴት ዓይን አለ፣ ሰዓት አለ። ሰዓቱ አይሠራም።

«እማማ፣ ሰው ፈልገው ነው?»

«አንተን ነው። ይሄን አጥፋልኝ» ብዬ ነጠላዬን ገለጥሁ።

መብራት አመጣ። ጎንበስ ብሎ አየ፣ ዞሮ አየ። «የማን እጅ ነው?» አለኝ፤ ቀሚስ ያሰፋሁ ይመስል። «ማሽን የለ፣ ማስመሪያ የለ፤ መስመሩ ትንሽ እንኳን አልተንቀጠቀጠም።»

«የተንቀጠቀጥሁት እኔ ነኝ» አልሁት።

እሱ እንደማያጠፋ፣ ማጥፋት የሐኪም ሥራ እንደሆነ አስረዳኝ። ቀጥሎም «ይሄን ማጥፋት ራሱ ኃጢአት ነው» አለኝ። በዚህ ዕድሜዬ ኃጢአትን ከታቱ ሠሪ ተማርሁ። በመጨረሻ አንድ ፎቶ ላንሣ ብሎ ለመነኝ፤ ፊትዎ አይታይም አለ። ቀና ይበሉ፤ ቀና አልሁ። ወደ ግራ ዞር፤ ዞርሁ። ምን ላድርግ? ባለቤቴ አንገቴን የሚያየው በክር ያንጠለጠልሁትን የጓዳ ቁልፍ ሲፈልግ ነው።

ቅዳሜ ቤዛ ወደዚያው ታቱ ቤት ሄደች። አላገድኋትም፤ ውዳሴ ማርያሜን ይዤ ተቀመጥሁ። ብዙም ሳትቆይ ተመለሰችና ፀጉሯን ሰብስባ ማጅራቷን አሳየችኝ። ባዶ ነው።

«ምነው?»

«ወረፋ ነው። ሴቱ ሁሉ አንድ ነገር ይዞ ነው የመጣው» አለችና ስልኳን ሰጠችኝ። አንገቴ ነው። ያለ ፊት፣ አንገቴ ብቻ፣ በታቱ ቤቱ ገጽ ላይ ተለጥፏል።

«ከአራቱ ሦስቱ አንቺን ነው የሚሠሩት፤ አንዷማ የማን እናት ትሆን አለች። ዝም አልሁ» አለች ቤዛ፤ እያዘነችልኝ ይሁን እያፈረችብኝ አላወቅሁም። «ታቱ የእናቶች ከሆነ ምን ዋጋ አለው? ይቅርብኝ።»

ቢራቢሮው በዚሁ ቀረ። ያ ሁሉ ምክሬ ያልሠራውን አንድ ፎቶ ሠራው። እናቶች፣ ልጃችሁን አንድ ነገር ለማስተው ስትፈልጉ አትቆጡ፣ አትምከሩ። ቀድማችሁ እናንተ አድርጉት። እኔም እግዚአብሔርን እያመሰገንሁ ሦስት ሳምንት በሰላም ተኛሁ።

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ ወጥተን ቅጥሩ ውስጥ ዛፍ ሥር ቆምን። ከፊቴ አንዲት ወጣት ነጠላዋ ሸርተት ሲልባት የራሴን አንገት አየሁት፤ ነጠብጣቡ እንኳን አልቀረም። እናቷ አጠገቤ ነበረች። ዓይኔን አይታ ተጠጋችኝ።

«አዩልኝ እህቴ? እንደ ዓይኔ ብሌን ያሳደግኋት ልጅ ናት። አንዲት ትልቅ ሴትዮ ናት አሉ፣ ታቱ ቤት ድረስ በእግሯ ሄዳ አንገቷን ፎቶ ያስነሣች። ልጆቻችንን ያበላሸችብን እሷ ናት።»

ነጠላዬን እስከ ጆሮዬ ሳብ አደረግሁ።

«እግዚአብሔር ይቅር ይበላት» አልሁ።

ከልቤ ነው ያልሁት።